በአንድ ክፍል ስለምትሠራ ልብ

(አንድ ወጣት ዲያቆን ጡረታ ከወጡ አረጋዊ ሐኪም ጋር በባሕር ዳር፣ በጣና ዳር ያደረገው ምልልስ)

ወጣቱ፦ አባባ፣ የእኅቴ ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ ከንፈሩ ይጠቁራልና፣ ቢመረመር ደም ከሚገፉት ከሁለቱ የልብ ታችኛ ክፍሎች አንዱ ብቻ አድጎ ተገኘ። ደረቱ ደጋግሞ ይከፈታል መባሉ ልቡናችንን አስጨነቀው።

አረጋዊው፦ መጨነቃችሁ አያስደንቅም፤ ነገር ግን ልጄ፣ ዳግመኛው ቀዶ ጥገና የፊተኛው ስለ ከሸፈ የሚደረግ ሳይሆን ከጥንቱ የታሰበ ሥርዓት ነው። የጎደለውን ክፍል ፈጥሮ የሚሰጥ ሐኪም ስለሌለ፣ ያለችው አንዲት ክፍል ደሙን ወደ መላው አካል ብቻ እንድትገፋ፣ ከአካል የሚመለሰው ደም ግን በልብ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሳንባ እንዲወርድ፣ ብዙውን ጊዜ በጨቅላነት፣ በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ፣ በኋላም ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ በሦስት ደረጃ ይሠራል። የመጨረሻውን ደረጃ በ1968 እ.ኤ.አ. በቦርዶ ከተማ የጀመረው ፍራንሲስ ፎንታን የተባለ ፈረንሳዊ ነው።

ወጣቱ፦ የሚገፋው ከሌለ ደሙ እንደ ምን ይወርዳል?

አረጋዊው፦ ጣናንስ ወደ ዓባይ ማን ይገፋዋል? ሐይቁ ከወንዙ ከፍ ስላለ ይፈስሳል፤ ውኃው ከሐይቁ የሚወጣበት የጨራ ጨራው በር ቢጠብ ግን ውኃው ወደ ኋላ ይመለስና ዳርቻውን ያጥለቀልቃል። የሳንባ ሥሮችም ቢጠቡ ደሙ በጉበት ላይ ይከማቻል፣ ሆድና እግር ያብጣል፣ አንዳንዴም የደም ፕሮቲን በአንጀት በኩል ይባክናል። ከፍታም የሳንባን ሥር ያጠብባልና፣ 1800 ሜትር ያህል ከፍ ባለች ከተማ መኖራችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።

ወጣቱ፦ ፍጻሜውስ?

አረጋዊው፦ ፎንታን ራሱ በ1990 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር፣ ሁሉ ነገር በተመቸለት ሕመምተኛ ላይ እንኳ ከ15 ዓመት በኋላ በሕይወት የመገኘት ዕድል 73 ከመቶ ገደማ ነው ሲል ጻፈ። የገዛ ሥራውን እንዲህ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው! ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ተሻሽሎ ውጤቱ ከፍ ብሏል። በአሮጌው አሠራር የተሠሩት፣ ላይኛው የልብ ክፍላቸው ተለጥጦ ምቱ የተዛባባቸው፣ ደረታቸው እንደ ገና ተከፍቶ የደሙ መንገድ ሲታደስ ብዙዎቹ ብርታት ያገኛሉ፤ ጠባሳው ልብን ከደረት አጥንት ጋር ስላጣበቀው ግን ሥራው ጥንቁቅ እጅ ይሻል። አንዲቱ ክፍል ራሷ ከደከመች ደግሞ መንገዱን ማደስ ብዙ አይረዳም፤ የቀረው ልብን በሌላ ልብ መተካት ነው።

ወጣቱ፦ ወዴት እንሂድ?

አረጋዊው፦ ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ግቢ የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በአዲስ አበባ አለ። በእስራኤል በሆሎን ከተማ በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው፣ የሕፃናትን ልብ የሚያሳክመው ማኅበርም የመጀመሪያ ሕሙማኑ የእኛው ሕፃናት ነበሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መሄዱ አይደለም፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ የሚሠራው፣ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ ጉበቱንና የልብ ምቱን የሚከታተለው ማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ የመጀመሪያውን መጀመሩ ነው።

ወጣቱ፦ ጥቂት ብንዘገይስ?

አረጋዊው፦ ደም የሚበዛበት ሳንባ ከሆነ ሥሮቹ ይደነድናሉ፣ የኋለኛውም መንገድ ይዘጋል፤ ደም የሚያንሰው ከሆነ ደግሞ መጥቆሩ ይብሳል። የትኛው እንደ ሆነ የምርመራው ወረቀት ይናገራልና ነገ ይዘኸው ና።