በብርድ አገር ስለሚያድግ የብርቱካን ዛፍ

ብርቱካንና ሎሚ ሙቀት የሚወዱ ዛፎች ናቸው። ቅጠላቸው ዓመቱን ሁሉ ለምለም ነው፤ አበባቸው መልካም ሽታ አለው፤ ፍሬያቸውም ለጤነኛውም ለበሽተኛውም ይጠቅማል። ነገር ግን ብርድ ይጎዳቸዋል። የአየሩ ሙቀት ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዕድገታቸው ይቆማል፤ ጽኑ ውርጭ ቢያገኛቸው ደግሞ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ከንቱ ይሆናል።

ታዲያ በረዶ በሚወርድበት አገር የሚኖር ሰው ብርቱካን ሊያሳድግ ቢወድ ምን ያደርጋል? አገሩን ሊያሞቅ አይችልም፤ ዛፉን ግን ወደ ቤት ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ በመሬት ሳይሆን በሸክላ ዕቃ ወይም በእንጨት ሣጥን ይተክለዋል።

በፈረንሳይ አገር፥ ከፓሪስ ከተማ አጠገብ፥ ቬርሳይ የሚባል የቀድሞ ነገሥታት ግቢ አለ። ንጉሡ 14ኛው ሉዊ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1684 እስከ 1686 ባለው ጊዜ ለብርቱካን ዛፎቹ ታላቅ ቤት አሠራላቸው። የዋናው አዳራሽ ርዝመት ከ150 ሜትር ይበልጣል። ግድግዳው እጅግ ወፍራም ነው፤ መስኮቶቹም በብርዱ ወራት ፀሐይ እንድትገባባቸው ወደ ደቡብ ይመለከታሉ። ዛሬም የብርቱካን፥ የሎሚና የሌሎችም ዛፎች በየሣጥናቸው ሆነው በጥቅምት ወር ወደዚህ ቤት ይገባሉ፤ በግንቦት ወር ደግሞ ወደ አትክልቱ ስፍራ ይወጣሉ።

ነገር ግን ይህን ሥራ ለመሥራት ንጉሥ መሆን አያስፈልግም። አንድ የሸክላ ዕቃና ብርሃን የሚገባበት አንድ መስኮት ያለው ሰው ሁሉ ይችላል።

ሥራው እንዲህ ነው። የዕቃው ቂጥ የተበሳ ይሁን፤ ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳልና። አፈሩም ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን። ዛፉ ሲያድግ ዕቃው ይለወጥለታል፤ አዲሱ ዕቃ ግን ከፊተኛው በጥቂት ብቻ ይብለጥ፤ ዕቃው ከመጠን በላይ ሰፊ ከሆነ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። በሙቀቱ ወራት ውሃና ምግብ ይፈልጋል፤ በብርዱ ወራት ግን ዕድገቱ ስለሚቀንስ ውሃው ይቀነስለታል። ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ ደረቅ ሙቀት ቅጠሉን ያረግፈዋል። ብርዱም ሲያልፍ በአንድ ቀን ወደ ጽኑ ፀሐይ አይውጣ፤ አስቀድሞ በጥላ ሥር ይሰንብት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል።

በመሬት የተተከለ ዛፍ ቢጠማ ሥሩን አርቆ ውሃ ይፈልጋል። በዕቃ የተተከለው ግን ከዕቃው ወዲያ መሄጃ የለውም፤ ሕይወቱ በጠባቂው እጅ ነው። ሰነፍ ጠባቂ ረስቶት በጥማት ይገድለዋል። ሌላው ደግሞ ስለሚወደው ጧትና ማታ ውሃ ያፈስበታል፤ ሥሩ በስብሶ ቅጠሉ ሲጠወልግ የጠማው መስሎት ይጨምርለታል፤ በዚህም ፈጥኖ ይገድለዋል። ብልህ ጠባቂ ግን አስቀድሞ ጣቱን ወደ አፈሩ ያገባል፤ ደርቆ ቢያገኘው ያጠጣዋል፤ ርጥብ ቢሆን ይተወዋል።

ልጆች ሆይ፥ ፍቅር ብቻውን አይበቃም፤ ማስተዋል ይጨመርበት። በቤት የታሰረ ጥጃ፥ በዕንቅብ የተከደነች ጫጩት፥ አፉን ያልፈታ ሕፃንም እንደዚህ ዛፍ ናቸው፤ የጎደላቸውን አይናገሩም። እንግዲህ የሚጠብቃቸው ሰው ከመስጠቱ በፊት ይመልከት፤ የሚሻቸውንም በጊዜውና በልኩ ይስጣቸው።

ጥያቄ።
፩. የዕቃው ቂጥ ስለ ምን ይበሳል?
፪. በብርዱ ወራት ውሃው የሚቀነሰው ስለ ምንድር ነው?
፫. ዛፉን የሚወደው ሰው እንዴት ገደለው?