መጥቅዕ በየትኛው ወር ይውላል?

ቤተ ክርስቲያናችን ከጾመ ነነዌ እስከ ጾመ ድኅነት ያሉትን አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ በባሕረ ሐሳብ ቀምራ ታውጃለች። ሐሳቡን የደረሰው 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ እንደ ሆነ አበው ያስተምራሉ። ይኸውም ከሌሊቱ 23፥ ከቀኑ 7 ሱባዔ ቢይዝ፥ 23 በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 11 ተረፈ፤ ጥንተ አበቅቴ ተባለ። 7 በ7 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 19 ተረፈ፤ ጥንተ መጥቅዕ ተባለ።

በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር እንደሆነች፥ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር እንደሆነች የታወቀ ነው። በዚያ ዜማ የሚያጸና ደቀ መዝሙር ባሕረ ሐሳብን እንደ ትርፍ ትምህርት ቢመለከተው እጅግ ያስደንቀናል፤ ጾመ ድጓውን መቼ እንደሚጀምር የሚያውቀው በምን ሊሆን ነው? ወደ ስማዳ ቆላ ወይም ወደ እስቴ ገጠር ሄዶ ሲያገለግል፥ መስከረም 1 ቀን አዋጁን ከእርሱ አፍ የሚጠብቅ ሕዝብ አለና።

ብዙዎችን የሚያሰናክለው የመጥቅዕ ወር ነው። 2019ን እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7519 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 14 ይተርፋል፤ ያልተፈጸመው ዓመት አንዱ ሲነሣለት ወንበሩ 13 ነው። 13 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 23፥ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዑ 7 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ስለሚሞሉ እስከዚህ ስሕተት የለም።

መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፥ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ራሱ 14 ሆኖ ግን አይገኝም። የ2018 መጥቅዕ 18 በመሆኑ በመስከረም ውሏል። ያንን ልማድ ይዞ የ2019ንም በመስከረም 7 ያደረገ ሰው፥ ዕለቱ ሐሙስ ነውና ተውሳኩን 3 ጨምሮ ነነዌን ጥር 10 ያውላታል። ያ ቀን ሰኞ መሆኑ ደግሞ ያታልለዋል! ነገር ግን ጥር 10 ከተራ ነው፤ ማግሥቱ ጥምቀት፥ ሣልስቱ ቃና ዘገሊላ። ታቦት ወርዶ፥ ካህናት እያሸበሸቡ፥ ሕዝቡ የነነዌን ጾም ሊጾም ነውን? አበው ነነዌ ከጥር 17 በታች እንዳይወርድ፥ ከየካቲት 21 በላይ እንዳይወጣ ወሰን ያበጁለት እንዲህ ያለውን ስሕተት ያስይዛል።

እውነተኛው ጥቅምት 7 ነው። ዕለቱ ቅዳሜ፥ ተውሳኩ 8፥ ከመጥቅዑ 7 ጋር መባጃ ሐመሩ 15 ይሆናል። ስለዚህ ነነዌ የካቲት 15፥ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፥ ደብረ ዘይት መጋቢት 26፥ ሆሣዕና ሚያዝያ 17፥ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ይውላል። ዕርገት ሰኔ 3፥ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 ነው። ጾመ ሐዋርያት ሰኔ 14 ይገባል። ፍችው ሁልጊዜ ሐምሌ 5 ነውና፥ በ2018 41 ቀን የሆነው ይህ ጾም በ2019 21 ቀን ብቻ ይሆናል።