የጥንቸሏ ዓይንና የበሬው ዓይን፦ ለአማራጭ ሙከራ ወጪውን ማን ይሸፍን?

ስብረተ ብርሃንን በማስተምርበት ጊዜ ከመስታወት ምስር ይልቅ የተማሪን ቀልብ የሚስበው ከቄራ የመጣ የበሬ ዓይን ነው። ኮርኒያ የሚባለው ፊተኛው ግልጽ ሽፋን በዓይን ውስጥ ከሚፈጸመው ስብረት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ያከናውናል። በሬው የታረደው ለሥጋው ነው፤ ለትምህርቱ ተብሎ የሞተ እንስሳ የለም። ይኸው ዓይን በኬሚካሎች ደኅንነት ምርመራ ውስጥ የሕያዋን ጥንቸሎችን ቦታ በከፊል ለመውሰድ በቅቷል። እንዴት እንደ በቃና ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ መመልከት ብዙ ያስተምራል።

እንደሚታወቀው ሳሙናም ሆነ ፀረ ተባይ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ዓይን ውስጥ ቢገባ የሚያደርሰው ጉዳት መታወቅ አለበት። በ1944 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባልደረባ የነበረው ጆን ድሬዝ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አንድ ዘዴ አሳተመ። ንጥረ ነገሩ በጥንቸል አንድ ዓይን ውስጥ ይጨመራል፤ ፈሳሽ ከሆነ መጠኑ 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። ሌላው ዓይን ለማነጻጸሪያ ይቀራል። ከዚያም መቅላቱ፣ ማበጡና የኮርኒያው መደፍረስ እየታየ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ክትትሉ እስከ 21 ቀን ሊዘልቅ ይችላል። እዚህ ላይ የሚለካው መሣሪያ ሳይሆን የሰው ዓይን መሆኑን ልብ ይሏል። በ1971 ዌይልና ስካላ ያሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ሲፈተኑ ውጤቱ እጅግ እንደሚራራቅ አሳይቷል።

በ1980 ሄንሪ ስፓይራ የተባለ የኒውዮርክ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሬቭሎን የተባለውን የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያ የሚወቅስ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ በኒውዮርክ ታይምስ እንዲወጣ አደረገ። የስፓይራ ብልኅነት በጥያቄው ላይ ነው፤ ኩባንያውን «ሙከራውን አቁም» ብቻ ሳይሆን «ለአማራጩ ምርምር ክፈል» አለው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሬቭሎን ለሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ 750,000 ዶላር ሰጠ። በ1981 ደግሞ የመዋቢያ አምራቾች ማኅበር በሰጠው 1 ሚሊዮን ዶላር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የአማራጭ ዘዴዎች ማእከል ተቋቋመ።

አሁን ወደ በሬው ዓይን እንመለስ። ኮርኒያ ግልጽ የሚሆነው በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የኮላጅን ክሮች እርስ በርሳቸው ያላቸው ርቀት ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ያነሰና ሥርዓት ያለው በመሆኑ ነው። ኬሚካል ሲያሳብጠው ወይም እንደ ተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ሲያረጋው ሥርዓቱ ይፈርሳል፤ ብርሃኑም ይበተናል። ይህ ደግሞ ሊለካ የሚችል ነገር ነው። ከቄራ የመጣው ኮርኒያ በሁለት ትንንሽ ክፍሎች መካከል ይወጠርና በ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። ፈሳሽ ንጥረ ነገር ለ10 ደቂቃ ይፈስበታል፤ ከታጠበና 2 ሰዓት ከቆየ በኋላ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፍ ይለካል። ቀጥሎ ፍሎረሰይን የተባለ ቀለም ከፊት ይጨመራል፤ ሽፋኑ ከተጎዳ ቀለሙ ሾልኮ ከኋላ ይገኛል፤ መጠኑም በ490 ናኖሜትር በሚኖረው የብርሃን መምጠጥ ይታወቃል። የድፍርስነቱ ቁጥር 40፣ የመምጠጡ 1.2 ቢሆን፣ ውጤቱ 40 + (15 × 1.2) = 58 ይሆናል። ከ55 በላይ የሆነ ውጤት ከባድ ጉዳትን ያመለክታል፤ 3 ወይም ከዚያ በታች የሆነው ምደባ አያስፈልገውም። በመካከል የሚወድቀውን ግን ይህ ሙከራ ብቻውን አይፈርደውም።

የዘዴው መሠረት በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጥሏል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ይፋዊ የሙከራ መመሪያ አድርጎ የተቀበለው ግን በ2009 ነው። በመካከሉ ምን ተፈጠረ? አንድ ዘዴ ታምኖ በሕግ እንዲሠራበት ማንነታቸው በተሰወረ ንጥረ ነገሮች፣ በልዩ ልዩ ቤተ ሙከራዎች፣ ደጋግሞ መፈተን አለበት። በ1995 ውጤቱ የታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት 9 አማራጭ ዘዴዎችን በ60 ንጥረ ነገሮች ፈትኖ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር የተፈለገውን ብቃት አላገኘም። ከምክንያቶቹ አንዱ የፊዚክስ ተማሪን ፈገግ የሚያሰኝ ነው፤ አዲሶቹ መሣሪያዎች የተመዘኑት ከዚያው ከሚዋዥቀው የጥንቸል ነጥብ ጋር ነበር! የተዛባ ሚዛን ይዞ አዲሱን ሚዛን «ተሳስተሃል» እንደ ማለት ነው።

በእኔ ግምት የገንዘቡ ችግር የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ለአዲስ ግኝት የሚከፍል ሞልቷል፤ ማስታወቂያና ዝና አለውና። ሌላው የሠራውን ደግሞ ለመፈተን ግን ከፋዩ ጥቂት ነው። እኔም አንድ ጊዜ መለኪያ መሣሪያዎችን ለማመሳከር ትንሽ ድጎማ ጠይቄ «አዲስ ነገሩ የቱ ላይ ነው?» የሚል መልስ ደርሶኛል። አውሮፓ ለዚህ ሥራ የራሱን ማእከል በ1991 ማቋቋሙ፣ ብሪታንያም በ2004 በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ ብሔራዊ ማእከል መክፈቷ ክፍተቱን ለመሙላት ነው።

በትምህርት ቤትም ሒሳቡ ይመሳሰላል። ለመበለት የሚገዙ እንቁራሪቶች ወጪያቸው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ በጀት ላይ አይታዩም፤ ለዓመታት የሚያገለግል የፕላስቲክ አካል ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ስለሚጠይቅ ውድ ይመስላል።

በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እንስሳትን የማይጠቀሙ ዘዴዎችን የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት እንደሚያቋቁሙ አስታወቁ። በጽሕፈት ቤቱ ስም ውስጥ ከ«ፈጠራ» ቀጥሎ «ማረጋገጥ» የሚል ቃል ገብቷል። ከበጀቱ ምን ያህሉ ለሁለተኛው ቃል እንደሚውል በሚቀጥሉት ዓመታት የምናየው ይሆናል።