ሻይዋ ከተራዊሕ በኋላ፦ ፖሊፊኖል፣ ብረትና ማዕዳችን



ባለፈው ረመዷን አንዲት እህታችን በተራዊሕ መሐል ራሷን አዞራት። እህቶች ክሊኒክ ወሰዷት፤ ደም ማነስ ተገኘባትና የአይረን ኪኒን ታዘዘላት። ከሳምንታት በኋላ ለክትትል ስትመለስ ለውጡ እምብዛም ነበር። ነርሷ «ኪኒኑን በምንድን ነው የምትውጪው?» ብላ ስትጠይቃት፣ «በሻይ» አለች። እኛም ብንሆን ሌላ መልስ አይኖረንም ነበር። የዛሬው ትምህርታችን መነሻ ይህ ነው።

ፖሊፊኖል ምንድን ነው?

ስድስት ካርቦን ባለው ቀለበት ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ሲያያዝበት ፊኖል ይባላል። «ፖሊ» ማለት ብዙ ነው። እንዲህ ያሉ ቀለበቶችንና ጥንዶችን በብዛት የያዙ የዕፅዋት ውህዶች ፖሊፊኖል ይባላሉ፤ እስካሁን ከ8,000 በላይ ዓይነት ታውቋል። ተክል ከጠላቱ መሸሽ አይችልም። ስለዚህ አላህ (ሱ.ወ.) ከተባይ፣ ከሻጋታና ከኃይለኛ የፀሐይ ጨረር የሚከላከልበትን ነገር በቅጠሉ፣ በልጣጩና በፍሬው ውስጥ አኑሮለታል። በሻይ፣ በቡና፣ በሮማን፣ በወይን፣ በተምር፣ በወይራ ዘይትና በቀይ ማሽላ ውስጥ ይገኛል። ያልበሰለ ሙዝ አፋችንን ሲይዘው የሚሰማን ታኒን የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ቆዳ የሚለፋውም በታኒን ነው።

ብረትን እንዴት ይይዘዋል?

ታላላቆቻችን በመድረሳ ለውሕ ላይ የጻፉበት ቀለም ከጥላሸት የተበጀ ነበር። የጥንት የዐረብ ጸሐፊዎች ግን ሌላም ቀለም ነበራቸው፤ ከዛፍ እብጠት የሚወጣውን ታኒን ከብረት ጨው ጋር ሲቀላቅሉት ይጠቁራል። ጎን ለጎን የተቀመጡ የፖሊፊኖል ጥንዶች ብረቱን እንደ ጉጠት ግራና ቀኝ ይዘውት ነው። በሆዳችን ውስጥም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። በጉጠቱ የተያዘ ብረት በአንጀት ግድግዳ በኩል ወደ ደም ለመግባት ይቸግረዋል።

ይህ ይበልጥ የሚጎዳው ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከጎመንና ከጤፍ የምናገኘውን ብረት ነው። ሥጋ ውስጥ ያለው አብዛኛው ብረት በሌላ ውህድ ስለታቀፈ ያን ያህል አይነካም። የካፌ ምግባችንን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ለማን እንደሚከብድ ግልጽ ነው፤ በየወሩ ደም ለሚፈሳቸው እህቶቻችን ደግሞ ይብሳል።

በ1983 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት፣ ከሃምበርገር ምግብ ጋር አንድ ስኒ ቡና ሲጠጣ ወደ ሰውነት የሚገባው ብረት በ39 በመቶ ቀንሷል። በሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ከምግቡ 1 ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ግን ምንም አልቀነሰም። ምግቡ ካለቀ ከ1 ሰዓት በኋላ የተጠጣው ደግሞ አብሮ እንደተጠጣው ቀንሷል። ስለዚህ ቀድሞ መጠጣት ወይም በደንብ መቆየት ይሻላል።

ታዲያ ፖሊፊኖል ጠላት ነው?

አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት በቂ ፖሊፊኖል ያለው የወይራ ዘይት፣ በቀን 20 ግራም ሲወሰድ፣ የደም ቅባትን ከኦክሲዴሽን ጉዳት ለመጠበቅ እንደሚረዳ በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን የአንቲኦክሲዳንት አቅም የሚያወዳድር ሰንጠረዡን ከድረ ገጹ አነሳ። በብልቃጥ ውስጥ የተለካው ቁጥር በሰው አካል ውስጥ ያለውን ጥቅም ስለማያሳይና ነጋዴዎች ማሻሻጫ ስላደረጉት ነበር።

እዚህ ላይ ራሳችንን እንጠይቅ። ሮማን፣ ወይራና ተምር በቁርኣን ስለተወሱ ብቻ «ካንሰር ያድናሉ፣ ሳይንስ አረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ስንቶቻችን አስተላልፈናል? ወሬን አጣርቶ መቀበል በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው አደብ ነው። የቁርኣን እውነትነት በእኛ ግነት አይቆምም። ግነታችን ነገ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ግን አንድ የታመመ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ይሆናል፤ አንድ ተጠራጣሪም በዲናችን ላይ ምክንያት አግኝቶ ይሆናል። ዒልም አማና ነው።

ምን እናድርግ?

• በኢፍጣር በተምርና በውሃ እናፍጥር፤ ሾርባውንና ሳምቡሳውን እንብላ፤ ሻይዋ ከተራዊሕ በኋላ ትሁን። ዋናውን እራት ከተራዊሕ በኋላ የሚበላ ደግሞ ሻዩን ከእራቱ 1 ሰዓት ቀደም ያድርግ።
• ምስርና ጎመን ስንበላ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ብርቱካን አይጥፋ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል።
• የአይረን ኪኒን በሻይም በቡናም አይዋጥ፤ በውሃ ይዋጥ። ራስ ማዞርና ድካም የሚደጋገምበት ሰው ደግሞ ይመርመር፤ «ጾሙ ነው» ብሎ አይለፈው።

እህታችን ኪኒኗን በውሃ መዋጥ ጀመረች፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ደህና ናት። ሻይም አልተወችም፤ ሰዓቱን ብቻ ቀየረች።

ለሐለቃችን ውይይት፦ ባለፈው ሳምንት ያስተላለፍነውን አንድ የጤና ጽሑፍ ይዘን እንምጣ። ማን ተናገረው? በብልቃጥ ነው የተሞከረው ወይስ በሰው? አብረን እናጣራዋለን፣ ኢንሻአላህ።

ወሏሁ አዕለም።