የሚያከሳው ባክቴሪያው ነው ወይስ ክልከላው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ያዮ ነው። በሰገራ ምርመራ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ሰው ሁሉ ሽሮ፣ በርበሬና ቡና እንዳቆም ስለመከረኝ ትቻቸዋለሁ፤ ነገር ግን እየከሳሁ ነው። ባክቴሪያው ነው የሚያከሳኝ? ምን ልብላ?

መልስ፦ ባክቴሪያው ብቻውን ሰውን ብዙ አያከሳም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ይህ ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት የሚይዝ ሲሆን ካልታከመ ለዓመታት ይቆያል። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከጎልማሶች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው ያሳያሉ፤ አብዛኞቹ ግን ምንም አይሰማቸውም። እርግጥ የተቆጣ ጨጓራ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለ ሆርሞንም ሊቀንስ ይችላል። ይህ በኪሎ ሲለካ ግን ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ የእንግሊዟ ብሪስቶል ጥናት፣ ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች ከፊሎቹ መድኃኒት፣ ከፊሎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጥቷቸው ከ6 ወር በኋላ ሲመዘኑ፣ የታከሙት የበለጡት በ0.6 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ልብስ እስኪሰፋ ድረስ መክሳት ሌላ ምክንያት አለው።

ያ ምክንያት ብዙ ጊዜ ክልከላው ራሱ ነው። ሽሮ ለብዙ ቤት ርካሹ የፕሮቲን ምንጭ ነው፤ ምትክ ሳያገኝ የተወው ሰው ቢከሳ አይገርምም። «ጎረቤቴ ታክሞ ወፈረ» የሚለው ክርክርም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ሕመሙ ሲለቀው ፍላጎቱ ተመለሰ፣ የተወውንም መብላት ጀመረ። «በርበሬ ያቃጥለኛል እኮ» ቢሉኝ አምናለሁ፤ ሆኖም የቆሰለን ማሳመም ሌላ፣ ማቁሰል ሌላ ነው። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙት አብዛኛው የጨጓራና የአንጀት ቁስለት ከዚህ ባክቴሪያ እንደሚመጣ ስላሳዩ ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞችም ቢሆኑ ጭንቀትንና ቅመምን ይወቅሱ ነበር። በዩኔስኮ በተመዘገበ የቡና ደን አጠገብ ለሚኖር ሰው ደግሞ «ቡና ተው» ማለት ከባድ ትእዛዝ ስለሆነ ማስረጃ ይፈልጋል። ቡና አሲድ ይጨምራል፤ ባክቴሪያውን ግን አያመጣም። ስለዚህ በባዶ ሆድ አይጠጡት፤ ያለ ቡና ቁርስ አይቅረብልዎ። እርስዎን የሚያምዎትን ምግብ ለይተው ለጊዜው ይቀንሱ፤ የማያምዎትን በሰው ምክር አይተዉ። በርበሬው ካስቸገረ አልጫ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ጎደሬና አቮካዶ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ።

«እንግዲያው ምግብ አይፈውስም?» አዎ፣ አይፈውስም። ተልባና ወተት ማቃጠሉን ለጊዜው ሊያስታግሱ ይችላሉ፤ ባክቴሪያውን የሚያጠፋው ግን ሐኪም ያዘዘው አሲድ መቀነሻና አንቲባዮቲክ ነው። ሕመሙ ቢተውዎትም እስከ መጨረሻው ይውሰዱት፤ በግማሽ የተቋረጠ መድኃኒት ባክቴሪያው እንዲላመደው መንገድ ይከፍታል። ከጨረሱ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራው ይደገም፤ እንደ ኦሜፕራዞል ያለውን አሲድ መቀነሻ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት ያቁሙ፣ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። የደም ምርመራ ለዚህ አይሆንም፤ ከዳኑም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ማለቱን ይቀጥላል። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በራስዎ አይውሰዱ፤ እነርሱም ጨጓራ ያቆስላሉ።

በደንብ እየበሉ መክሳቱ ከቀጠለ ግን ጥፋቱን በጨጓራ ላይ ጥለው አይቀመጡ። የሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ሕመምና ካንሰርም ያከሳሉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለስዎት ወይም ምግብ አልወርድ ካለዎት ሳይውሉ ሳያድሩ መቱ ወዳለው ሪፈራል ሆስፒታል ይሂዱ።