ልጆችህን ይዘህ ወደ ሆሳዕና ስትመጣ

ልጄ፣

«ዘንድሮ ልጆቹን ሐዋሳ ልውሰዳቸው ወይስ ዳውሮ ሃላላ ኬላ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ገንዘቡም የራስህ ነው። እኔ ግን ከሁለቱም በፊት ሆሳዕናን አስቀድም እላለሁ። ልጆችህ የአባታቸውን አገር የሚያውቁት በመኪና መስኮት ነው፤ አያታቸው ቤት ምሳ ይበላሉ፣ ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። እስቲ አንድ ጊዜ በእግራቸው ይወቁት። ምክሬን በቁጥር ያደረግሁት ባለቤትህ ዝርዝር ስለምትወድ ነው፤ እኔስ እንዳመጣልኝ ባወራ ይቀለኝ ነበር።

1. መንገዱንም ከሽርሽሩ ቁጠረው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጅ ጭኖ ሳይቆም የሚነዳ አባት ሲደርስ ቤተሰቡ ሁሉ ተኮራርፎ ነው። ጢያ ላይ ቁም። ትክል ድንጋዮቹ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ ለልጅ ግን ደስታው ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ሰይፎች መቁጠር ነው፤ ተዋቸው ይቁጠሩ። ቡታጅራ አካባቢ ደግሞ ሐረ ሸይጣን የሚባል፣ እሳተ ገሞራ ቆፍሮት የሄደ ሐይቅ አለ። ጊዜ ካጠረህ እሱን ለመልሱ ተወው።

2. የመጀመሪያውን ቀን መኪናው ግቢ ይዋል። ሆሳዕና የተቀመጠችው የውሃ መክፈያ ላይ ነው። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ ጊቤ ገብቶ፣ በኦሞ አድርጎ፣ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው በብላቴ በኩል አባያ ይገባል። ይህን ለልጆቹ በወሬ ብቻ አትንገራቸው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁማቸውና ወዲህና ወዲያ አሳያቸው፤ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዱ ኬንያ ድንበር፣ ሌላው አርባ ምንጭ አጠገብ እንደሚያበቃ ይገምቱ። ከዚያ ወዲህ ቦይ ባዩ ቁጥር «ይሄስ የት ይሄዳል?» እያሉ ያደክሙሃል፤ ድካሙን ቻለው።

ስትመለሱ በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል በኩል እለፉ። የልጅ አባት የሆነ ሰው ሆስፒታሉ የት እንዳለ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ስሙም ያስጠይቃል። እሌኒ የሀዲያ ልጅ ናት፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን አገባች፤ ዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ ሳሉ አገር አስተዳደረች፤ ማቴዎስ የሚባለውን መልእክተኛም ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። ሴት ልጅህ ይህን ከአንተ አፍ ትስማው።

3. ሀምበሪቾን ሙሉ ቀን ስጠው። ተራራው ከምባታ ውስጥ ነው፤ ቁመቱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ መውጫውም 777 ደረጃ ተሠርቶለታል። በቃል ሲወርድ በመጣው ትረካ የከምባታ ሰባቱ ጎሳዎች መጀመሪያ የሰፈሩት እዚያ አናት ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰባት ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ቢደገም አይገርምህ።

አወጣጡን ልንገርህ። በየ77ቱ ደረጃ እረፉ። አሥር ጊዜ ካረፋችሁ በኋላ የሚቀሩት ሰባት ደረጃዎች ብቻ ናቸው፤ እነዚያን ሰባቱን ትንሿ ልጅ ከፊት ሆና ጮክ ብላ እየቆጠረች ታውጣችሁ። ቁጥር ያለው ዳገት ልጅን አያስለቅስም። ቁጥር የሌለውን ዳገት ግን «ደረስን ወይ?» ሲሉህ «ደርሰናል» እያልክ ስትዋሽ ትጨርሰዋለህ፣ ውሸቱም ሦስተኛው ላይ አይሠራም።

ማልደህ ጀምር፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ከመጣ ደረጃው ይረጥባል። ሸበጥ ያደረገ ሰው አይውጣ፤ ፋሽን ነው ብላ ባለቤትህ ብትከራከርህም። ጉልበት የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነውና ሲወርዱ ልጆቹ እንዳይሮጡ። አናቱ ላይ ነፋሱ ብርድ አለው፤ ሹራብ ያዝ። የውሃ ሃይላንዱንም ይዘኸው ውረድ። ደረጃውን ሠርቶ የሰጠን ሰው ቆሻሻችንንም እንዲለቅምልን መጠበቅ ነውር ነው።

4. አጆራ ፏፏቴ ላይ ቀልድ የለም። አጃጮና ሶኬ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ሆነው ገደል ውስጥ ይወረወራሉ፤ ቦታው የወላይታና የጠምባሮ አዋሳኝ ነው። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ውሃው ሙሉ ነው፤ በጋው ሲገፋ ይሳሳል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከዚህ አካባቢ ሁሉ ዓይን የሚያስደነግጠው እሱ ነው፤ እኔም ብዙ ቦታ አይቼ ከእሱ አላበልጥም። ገደሉ አፋፍ ላይ ግን አጥር ይጠብቀኛል ብለህ አትመን። ለአንድ ልጅ አንድ አዋቂ፣ እጅ ለእጅ። ፎቶ የሚያነሣው ሰው ልጅ አይዝም፤ ልጅ የያዘው ስልክ አያወጣም። ወደ ታች መውረጃ አለ የሚሉህ ጎረምሶች ይኖራሉ፤ ልጆችህ ሲያድጉ ራሳቸው ይወርዳሉ።

5. መንገዱ የሰው ጓሮ መሆኑን አትርሳ። ምሳሌ ልስጥህ፤ ማዮርካ የምትባል የስፔን ደሴት በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ አለች። የአውሮፓ ቤተሰብ ባሕር ዳር ሊተኛ ይሄዳል፤ በእግር መሄድ የሚወደው ግን ወደ ትራሙንታና ተራሮች ይወጣል። የሚሄድበት መንገድ አብዛኛው ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ገበሬዎች እርከናቸውን ለማረስና ወይራቸውን ለመልቀም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድረው ያበጁት ነው። ያ ተራራ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ጉባኤ የእኛ የኮንሶ እርከንም ተመዝግቧል። አየህ፣ ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚሄድለት ነገር ባሕሩ ብቻ ሳይሆን የገበሬ እጅ ያረፈበት ዳገትም ሆነ።

ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና ወይም ወደ አንጋጫ ስትወጣ እንዲህ ያለው ዳገት በሁለቱም በኩል ነው፤ እንሰት፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ባሕር ዛፍ። መኪናህን ጥግ አስይዝና አንድ ሰዓት ሂዱበት። ግን ትኬት ቆርጠህ የገባህበት ግቢ አይደለምና እንደ እንግዳ ግባ። አስቀድመህ ሰላም በል። በሀዲይሳና በከምባትኛ ሰላምታውን ልጆቹ ከአክስታቸው ይማሩ፤ ተሰባብሮም ቢወጣ በር ይከፍታል። የታረሰ አትርገጡ። ለምንጣፍ ብላችሁ የእንሰት ቅጠል አትቁረጡ፤ ያ የሰው የዓመት ቀለብ ነው። በጎቹን ልጆቹ አያባርሯቸው፤ የዶዮገና ገበሬ በማኅበር ተደራጅቶ አውራውን እየመረጠ የሚያረባ ሰው ነው፣ በጉን በስሙ ያውቀዋል። ሰው ስታነሣ ጠይቅ። መንገድ ለሚያሳይ ወጣት ዋጋውን ሳትነሣ ተስማማ፤ ስትመለስ መከራከር ለሁለታችሁም ያሳፍራል።

6. እሑድ ጠዋት አትውጡ። አገሩ ቃለ ሕይወትና መካነ ኢየሱስ የሞላበት ነው፤ መንገዱ ሁሉ ጸሎት ቤት የሚሄድ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ይሻላል፤ ያኔ ሰው ሁሉ አምሮበት በእግር ሲንሸራሸር ታገኘዋለህ።

7. ምግቡን ሳትንቅ፣ ሳታስገድድም። ለመንገድ ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ይበቃል። ሰው ቤት ከገባችሁ አተካና ሊቀርብላችሁ ይችላል፤ ከቡላ፣ ከወተትና ከብዙ ቅቤ የሚሠራ የሀዲያ ክብር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ቅቤው ይበዛበታል። አንድ ማንኪያ ቀምሶ «ጣፋጭ ነው» ብሎ ካመሰገነ በቂ ነው፤ የቀረውን አንተ ጨርስ። በኋላ ዳገት አትውጣ እንጂ።

8. ጊዜውን ምረጥ። ያሆዴና መሳላ የሚባሉት በዓላት በመስቀል ሰሞን ናቸው። አገሩ አበባ ለብሶ፣ ዘመድ ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ሳይቀር መኪና ተከራይቶ ሲሽከረከር ነው። በዓሉን ለማየት ከዚያ የተሻለ የለም፤ ጸጥታ ከፈለግህ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ና። መጋቢትና ሚያዝያ በልግ አለው፣ ክረምቱን ደግሞ ጭቃው ይናገርልሃል።

9. ትልቁ ልጅህ ወፍ ይወዳል ብለኸኛል። ሻሾጎ ውስጥ ቦዮ ሐይቅ አለ፤ ረግረጋማ ነው፤ የውሃ ወፍ የሚሰበሰብበት በመሆኑ በወፍ አጥኚዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ማለዳ ሂዱ፣ ቦት ጫማ ይኑራችሁ፣ ከአካባቢው ሰው ቀድማችሁ ወደ ውሃው አትጠጉ። ትንሿ ሊሰለቻት ይችላል፤ እሷን ከእኔ ጋር ተዋት።

10. እርምጃውን የምትወስነው እናትህ ትሁን። «ቤት ትረፍ» ብላችሁ ጥላችኋት እንዳትሄዱ። ሀምበሪቾ ላይ ከታች ጥላ ስር ትቀመጥ፤ ሜዳ ሜዳውን ግን ከፊት ትሂድ፣ እናንተ ከኋላ። የእያንዳንዱን ቅጠል ስም፣ ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን፣ የማን ማሳ ከማን እንደሚዋሰን ታውቃለች። ልጆቹ ቀስ ማለት ይሰለቻቸዋል፤ ጥያቄ ሲጀምሩ ግን መሰልቸቱን ይተዉታል።

ቅዳሜ ከማለዳው 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ከተነሣህ ጢያ ላይ ቆመህም ለምሳ ትደርሳለህ። ቀኑን ስትቆርጥ ቀድመህ ለእኔ ደውል። ለእናትህ ከነገርካት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የላትም፤ ቡላውንም ቅቤውንም ከአሁኑ ትሸምታለች፣ ተሸካሚው ደግሞ እኔ ነኝ።