አዝማሪና አደባባዩ

አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ የሚባል ስፍራ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስሙ የተሰጠው ሜክሲኮ የፋሺስት ጣልያንን ወረራ አልቀበልም ብላ ስለ ቆመች፣ ለውለታዋ መታሰቢያ ነው። ዛሬ የምናጠናው ግን በራሷ በሜክሲኮ ከተማ የሚገኘውን የጋሪባልዲን አደባባይ ነው።

በዚያ አደባባይ ማሪያቺ የሚባሉ የባህል ዘፋኞች ቫዮሊን፣ ጊታርና ጥሩምባ ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ። ፈላጊ ሲመጣ በዘፈን ልክ ዋጋ ይነጋገራል፤ ወይም ለሰርግ ይዟቸው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1925 ቴናምፓ የተባለው መጠጥ ቤት በዚያ ከተከፈተ ወዲህ ከሐሊስኮ የመጡ ዘፋኞች ተሰባሰቡበት። እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ ማሪያቺን በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዘገበው።

የእኛስ አዝማሪ? ስሙ «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ነው። በእኛ በዋግ፣ በሰሃላም ሆነ በሰቆጣ፣ ማሲንቆ የገባበት ዳስ ይደምቃል። አድማጭ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ሰሙንና ወርቁን አዋህዶ ይመልሳል። ሽልማቱም በግንባሩ ይለጠፍለታል።

ይህ ሰው ተራ አጫዋች ብቻ አይደለም። በ1929 ዓ.ም.፣ ከየካቲት 12 በኋላ፣ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን ከባሕታውያንና ከጠንቋዮች ጋር እየተያዙ እንዲገደሉ አዟል። ምክንያቱም የጣልያን አገዛዝ እንደሚያልፍ ለሕዝብ ይናገራሉ የሚል ነበር። ጠላት የፈራውን አንደበት እኛ ግን «አዝማሪ!» እያልን ለስድብ እናውለዋለን።

የእኛ ጋሪባልዲ ካዛንችስ ነበር። ስሙ በወረራው ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የመጣ ነው። ሆኖም ሌሊት ሌሊት የሚሰማበት ማሲንቆ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ስመ ጥሩው ፈንድቃ ጭምር ከነበረበት ለቀቀ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጋሪባልዲ የሕዝብ አደባባይ ስለ ሆነ አንድ መጠጥ ቤት ቢዘጋ ማሪያቺው ደጅ ቆሞ እንጀራውን ያገኛል። የእኛ አዝማሪ ግን በሰው ቤት ተጠግቶ የሚያድር ነው፤ ቤቱ ሲፈርስ አድማጩ የት እንደሚያገኘው አያውቅም። ስለዚህ ከተማ ሲታደስ ለማሲንቆ የሚሆን አንድ አደባባይ ቢከለል ለቅርሱም ለባለሙያውም ይበጃል።

ለውይይት፦
1. አዝማሪን በሰርጋችን እየጠራን በአነጋገራችን የምንንቀው ስለ ምን ነው?
2. በየወረዳችን ለአዝማሪ የሚገባው ስፍራ የት ነው?